የምስክርነቱ ቀሪ

ጸሐይወርቅ ያንኑ የመጋረጃ ጠርዝ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኗን ጨፍና የምትሰፋው ቀጥ ያለ መስመር ዛሬ እንደ ኮረኮንች መንገድ ይጣመምባታል። ነፋስ ስልክ ባለችው ትንሽ ሱቋ ውስጥ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ክር ቀየረች፣ መቀሷን በእጇ ይዛ መቀሷን ፈለገች። እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ልቧ ግን የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነው። እዚያ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ መሃል፣ የሆስፒታል የቀጠሮ ካርድ አለ። ቀኑ ዛሬ፣ ሰዓቱ ስምንት።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ሩቲ ናት።

«እማ፣ ሄድሽ?»

«ገና አምስት ሰዓት ነው እኮ። ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል።»

«ዶክተሯ በየዓመቱ ብላሻለች! አርባ ሰባት ዓመትሽ ነው፣ እማ፣ አይዘለልም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዕድሜዬን ለሰፈሩ ልታውጂልኝ ነው? በይ ቻው።»

ለልጅ እንዴት ይነገራል? አምና ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣች። ተመርምራ «ውሃ የቋጠረ ነው፣ ክፉ ነገር የለውም» ሲሏት ከደስታዋ ብዛት የምትረግጠውን አታውቅም ነበር። እሁድ መድረክ ላይ ወጥታ «እብጠት ነበረብኝ፣ ጌታ ዳሰሰኝ፣ ነጻ ነሽ ተባልኩ!» ብላ መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ጌታ እንደረዳት ዛሬም አትጠራጠርም። ግን የዶክተሯን «በየዓመቱ ተመለሽ» ዘለለችው። በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል የቱ ጋ ይገባል? አሁን ሆስፒታል በር ላይ ቢያዩዋት «እምነቷ የት ሄደ?» አይሉም? ደግሞስ ዘንድሮ ውሃ ባይሆንስ? ኧረ ወዲያ! ማሽኑን እንደገና ረገጠችው።

መጋረጃውን ልትወስድ ቡዜ ገባች። የጸሎት ቡድናቸው አባል ናት፤ ሃምሳን የተሻገረች፣ ሀና ማርያም አካባቢ እህል የምትሸጥ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። ዛሬ አልሳቀችም።

«ጌታ ይባረክ፣ ጸሐይዬ።»

«አሜን፣ ቡዜዬ። ትንሽ ቀርቶኛል፣ ቁጭ በይ። ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

ቡዜ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ሻርፗን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። እኔም አገኘሁ። ግራ ጡቴ ላይ። አራት ወሩ ነው።»

ማሽኑ ቆመ።

«ሐኪም ምን አለሽ?»

«የምን ሐኪም? ያንቺን ምስክርነት ይዤ ነው የምጸልየው። ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሰማዋለሁ። አንቺን የዳሰሰ እኔን አይተወኝም። ብቻ... እያደገ ነው መሰለኝ። እምነቴ አንሶ ይሆን?»

ጸሐይወርቅ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። የራሷን ድምፅ ቡዜ አራት ወር ሙሉ እንደ መድኃኒት ስትወስደው ኖራለች። ወይኔ ጉዴ! አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ደነገጠች። መሳቢያውን ከፍታ ካርዱን ቡዜ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛሬ በስምንት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። እምነትሽ አላነሰም፣ ቡዜዬ። የጎደለው የኔ ወሬ ነው። አምና በአልትራሳውንድ አይተውኝ ነው ነጻ ነሽ የተባልኩት። በየዓመቱም ነይ ብለውኛል። ይሄን መድረኩ ላይ ዋጥኩት።»

ቡዜ ካርዱን አገላብጣ አየችው። «ታዲያ አራት ወር...» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ብትቆጣት ኖሮ ለጸሐይወርቅ ይሻላት ነበር።

«ተነሽ፣ አብረን እንሄዳለን። አንቺ ትቀድሚያለሽ፣ እኔ እከተላለሁ።»

«እፈራለሁ፣ ጸሐይ።»

«እኔስ? ከጠዋት ጀምሮ አንድ መስመር መስፋት አቅቶኝ የለ!»

«መጋረጃዬስ?»

«መጋረጃው ይቆያል።»

ቡዜ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። ጸሐይወርቅ የሱቁን በር ቆለፈች። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ ስልኳን አውጥታ ለጸሎት ቡድኑ መሪ ለወጋየሁ ደወለች።

«ወንድም ወጋየሁ፣ ለእሁድ አምስት ደቂቃ ያዝልኝ። ምስክርነት አለኝ።»

«ሃሌሉያ! ደግሞ ምን ተደረገልሽ?»

«የዛሬውን ገና አላወቅሁም» አለች፣ የቡዜን ክንድ እንደያዘች። «የአምናው ግን ቀሪ አለው።»