ከሳጥኑ የተረፈው ስም

አለቃችንን «ፈገግታው» እንለዋለን። ሲያባርርም ሲያሞግስም ጥርሱ አይከደንም። የውሃ ማከፋፈያውን ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቧንቧው በመስመር፣ የውሃ መዝጊያው ቫልቭ በሳጥን ይሳላል፣ የቫልቩ ስም ሳጥኑ ውስጥ ይጻፋል። እኔ የተቀጠርኩት ኋላ ላይ፣ የተበላሸውን ልጠግን ነው።

አባቴ ያንኑ ፕሮግራም ፊቱ ዘርግቶ የሚውል የማከፋፈያው ተቆጣጣሪ ነበር። የማጣሪያውን ቫልቭ ዝጋ ሲሉት የፓምፑን ዘጋ፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ተቃጠለ። ጡረታው አፍንጫው ሥር ደርሶ ከሥራ አገዱት፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ።

«ሁለቱም ስማቸው አንድ ነበር፣ ልጄ» ይለኛል፣ ራሱን እየተጠራጠረ።

ለጥገና ብዬ ማከፋፈያው ገብቼ የአባቴን ኮምፒውተር ሳየው ደሜ ፈላ። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ፊደሉን አጉልቶታል። ፈገግታው ግን የሳጥኑን ስፋት የለካው በራሱ ስክሪን፣ በራሱ ደቃቅ ፊደል፣ አንዴ ብቻ ነው። የሞከረውም «ሀ» እና «ለ» በሚባሉ ቫልቮች! ፊደሉ ሲያድግ ሳጥኑ ባለበት ቀረ። «የሰሜን ማጠራቀሚያ ቫልቭ፣ ወደ ፓምፕ» እና «የሰሜን ማጠራቀሚያ ቫልቭ፣ ወደ ማጣሪያ» ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም «የሰሜን ማጠራቀሚያ» ላይ ተቆርጠዋል።

ጥገናው ቀላል ነበር። መጀመሪያ ጽሑፉ በተጠቃሚው ፊደል ይለካ፣ ሳጥኑ በዚያ ልክ ይሠራ፣ መስመሮቹ መጨረሻ ላይ ይሰመሩ። በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ ጨረስኩት። ስሞቹ ሙሉ ሆነው ሲወጡ ከመደሰት ይልቅ ተናደድኩ። ለዚህች ለማትረባ ሥራ አባቴ ይባረር!

የበፊቱንና የአሁኑን ምስል አትሜ ፈገግታው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት።

«ጎበዝ» አለ። «ለማከፋፈያው ይላክላቸው። ‹መልኩ ተሻሽሏል› በያቸው።»

«መልኩ? ሰው እኮ ሊባረር ነው!»

«አባትሽ መሆናቸውን አውቃለሁ። እሱን ለእኔ ተይው።»

አልተውኩም። ምስሎቹን ይዤ ቤት በረርኩ። አባቴ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም! ይህን ለኮሚቴው ታሳያቸዋለህ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። ፊቱ በራ። «አላበድኩም ነበር ማለት ነው» አለ። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝ።

«ዛሬ ጠዋት አለቀ እኮ። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ አልኳቸው፤ አሰናበቱኝ።»

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«አለቃሽ ትናንት አንቺ ቤት ሳትገቢ እዚህ መጥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ከተወቀሰ መጀመሪያ የምትባረረው ልጅህ ናት አለኝ።» ትከሻዬን ያዘኝ። «በይ እንዳትለቂ። ሁለታችንም ከወጣን ቤቱን ማን ይይዘዋል?»

በማግስቱ ፈገግታው በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?»

ፊቱን ብቧጭረው በወደድኩ። «ደህና ናቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ሥራዬን ጀመርኩ።