የቆመችው ሚኒባስ

ሳቢት አንድ እግሩን ሚኒባሷ ውስጥ አስገብቶ ቀጥ አለ። ከጭሮ ወደ ገለምሶ የምትሄደው ሚኒባስ የቀራት የእሱ ቦታ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አንድ የጫት አይሱዙ ጡሩንባውን እያንባረቀ አለፈ። ልቡ ደረቱን ሊሰነጥቀው ደረሰ። እግሩን መልሶ አወጣ፤ ሚኒባሷም ሌላ ሰው ጭና ሄደች።

ሃያ ዓመት ጫት ጭኖ ሲከንፍ የኖረ ሾፌር፣ ሂርና አጠገብ ከተገለበጠ ወዲህ መኪና ውስጥ መቀመጥ አቅቶታል። ልጁ ፈርዶሳ ገለምሶ ከወለደች ሁለት ወር ሆናት፤ የልጅ ልጁን የሚያውቀው በስልክ ፎቶ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረው የለም። የቀረው ጓደኛው መህዲ ቤት ጫት የሚቃምበት በርጫ ብቻ ነው።

በእግሩ ክሊኒክ ሄደ። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ኢንሳፍ ስታየው ገባት።

«አልሆነም ጋሽ ሳቢት?»

«እንዳልሽኝ ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ልቤ ግን እምቢ አለ። ፈሪ ሆኛለሁ ልጄ።»

«ፈሪ አይደሉም። አንጎላችን ውስጥ አደጋ ሲመጣ የሚጮህ ክፍል አለ። የእርስዎ አደጋው ማለፉን ገና አላወቀም። በምክር ብቻ አያምንም፤ ደጋግመው ተቀምጠው ሊያሳዩት ይገባል። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ ብለን አልነበር?» ትኩር ብላ አየችው። «ቅመዋል እንዴ?»

«ትንሽ። መህዲ ድፍረት ይሰጥሃል ብሎኝ ነው።»

«ጫት ልብ ያስሮጣል። ልብ ሲሮጥ ደግሞ ያ ክፍል አደጋ መጣ ብሎ ይጮሃል። ለልምምዱ ሲሉ ለጊዜው ቢተዉት ይሻላል።»

«በርጫውን ከተውኩ ማን ያናግረኛል?»

«ከባድ ነው» አለች ኢንሳፍ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በማግስቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ መህዲ ሚኒባሱ ከቆመችበት ግቢው በር ላይ ሆኖ ጠራው።

«አቦ ሳቢት፣ ቦታህን ይዤልሃለሁ! ግባ እንጂ!»

ከውስጥ የጓደኞቹ ሳቅ ተሰማ።

«ዛሬ አልቅምም። ይልቅ የሚኒባስህን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ልትነዳ ነው?»

«ልቀመጥባት ነው።»

መህዲ ግራ ገብቶት ቁልፉን ሰጠው። ሳቢት ግቢው ውስጥ የቆመችው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ሳይዘጋ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ላብ አጠመቀው። ሳቁ እስከዚያ ድረስ ይሰማል፤ ሮጦ መግባት አማረው። ስልኩን አውጥቶ ፈርዶሳ ጋ ደወለ።

«አባ፣ የት ነህ?»

«መኪና ውስጥ።»

«እየመጣህ ነው?»

«ገና አልተነሳችም። ስልኩን አትዝጊው፤ ስለ ልጁ አውሪኝ» አላትና የሚኒባሷን በር ስቦ ዘጋው።