የዶዘርና የአማቱ ምሳ

ዶዘር ሲበላ አይቶ የማያውቅ ሰው ቅጽል ስሙ ከሥራው የመጣ ይመስለዋል። ሥራውማ ታወር ክሬን መንዳት ነው። ዶዘር ያሉት የሕንፃ ሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ያውም በመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ላይ ሳህን ፊቱ ሲቀርብ የሚሆነውን ካዩ በኋላ። ሌላው እጁን ታጥቦ ወንበር እስኪስብ እሱ ሳህኑን ጠርጎ፣ አፉን አብሶ፣ ወደ ጎረቤቱ ሳህን ማማተር ይጀምራል። ስስታም ነው እንዳይባል ቸር ሰው ነው፤ ያለውን ማካፈል ይወዳል። ችግሩ፣ ላካፍል ብሎ ሲያስብ ምግቡ አልቆ መገኘቱ ነው።

ቤትም ያው ነው። ሁለቱ ልጆቹ በአባታቸው ወጥተው ጎረስ ጎረስ አድርገው ይነሳሉ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሚስቱም ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል፣ ቶሎ በልታ ዕቃዋን አጥባ ጋደም ማለት ነው የሚናፍቃት። ገበታው ላይ እስከ መጨረሻው የሚቀሩት አማቱ ብቻ ናቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት አስተማሪ ሲሆኑ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከድዳቸው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ስለዚህ አንዷን ጉርሻ ከወዲያ ወዲህ እያዘዋወሩ፣ እየመረመሩ፣ ፈቃድ ሰጥተው ነው የሚውጧት።

ዶዘርና አማቱ አይነጋገሩም ነበር። ተጣልተው አይደለም፤ ቢጣሉማ እሱም አንድ ንግግር ነው። አማቱ ዶዘርን የሚያናግሩት በልጃቸው በኩል ነው፤ እሱ እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ። «ሰውየው ጨው ፈልጎ እንደሆነ ጠይቂው» ይላሉ። ዶዘርም «አልፈለግኩም በያቸው» ይላል፤ እየጎረሰ። ሚስቱ በመካከል አስተርጓሚ ሆና ስትኖር መጀመሪያ አሳቃት፣ ቀጥሎ አናደዳት፣ በመጨረሻ ለመዳት። ዶዘር በበኩሉ አማቱ ለልጃቸው የተማረ፣ ሸንቀጥ ያለ፣ ክራቫት የሚያስር ሰው ሲመኙ እሱ እንደመጣባቸው በልቡ ደምድሞ ነበር። ይህን ማንም አልነገረውም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ ክሬኑን ቀሙት። የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም የደም ግፊቱን ለክቶ ፊቱን አጨማደደና ስለ እንቅልፉ ጠየቀ። አብራው የሄደችው ሚስቱ ጉድ አወጣችው፦ ሲያንኮራፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ደግሞ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ እሷም በክርኗ እየጎሰመች ታነቃዋለች። ዶዘርም ሲጨንቀው፣ ቀን ቀን ክሬኑ ላይ ሆኖ ዓይኑ ክድን እንደሚል አመነ። ሐኪሙ ወዲያው ከፍታ ላይ እንዳይሠራ አገደው። ምስማርና ሄልሜት የሚታደልበት መጋዘን ውስጥ አስቀመጡትና በእሱ ቦታ አንድ ሪዛም ሰውዬ ክሬኑ ላይ ወጣ። ሪዛሙ ብረት ሲያነሳ መንቀጥቀጡ፣ ሲያወርድ መጣሉ፤ ዶዘር ከመጋዘኑ በር ሆኖ ባየው ቁጥር አንጀቱ እርር ይላል። ክሬኑ ለእሱ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። እዚያ ላይ ሲሆን ሰው ቦርጩን አያይም፤ የሚታየው ያንን ሁሉ ብረት እንደ ሕፃን አቅፎ የሚያስቀምጥ እጁ ነው።

ክብደት ለመቀነስ ያልሞከረው የለም። ኪሎው ይሄድና ትንሽ ቆይቶ ጓደኛ አስከትሎ ይመለሳል። በመጨረሻ ሐኪሞች መክረው ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከዚያ ሰፊ ጨጓራው እንቁላል የምታህል ኪስ ለይተው ከአንጀቱ ጋር አገናኙለት። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ አስቀምጣ ልክ ልኩን ነገረችው። መጀመሪያ ስጋው፣ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ ባቄላው፤ ዳቦ ቦታ ከተረፈ ብቻ። እስኪልም ማኘክ፣ ከምግብ ጋር ውኃ አለመጠጣት፣ ቪታሚኑን አለመርሳት። ጣፋጭ ነገር፣ በተለይ የሚጠጣ ጣፋጭ፣ በትንሿ ኪስ ሾልኮ አንጀቱ ላይ ዱብ ይልና በላብ ያጠምቀዋል፤ ክብደቱም ባለበት ይቆማል። ይህን ጠብቆ ከቀነሰና እንቅልፉ ከተስተካከለ ሐኪሙ ክሬኑን ይመልስለታል። ካልሆነ ከምስማሩ ጋር ተከባብሮ ይኖራል።

ሾርባና የተፈጨ ምግብ የሚባለው ጊዜ አልፎ ወደ ገበታ በተመለሰበት የመጀመሪያ ምሽት፣ ዶዘር በሕይወቱ ያላየውን አየ። ልጆቹ ተነሡ። ሚስቱ ተነሣች። የእሱ ሳህን ላይ ግን ገና ዓሣ አለ። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ አማቱ ያኝካሉ። አስተርጓሚዋ ወጥ ቤት ናት። ሁለቱም ወደ በሩ አዩ፤ የሚመጣ የለም።

«ዓሣው እሾህ አለው፤ ቀስ በል» አሉ አማቱ በመጨረሻ።

ዶዘር በእሾህ ሳይሆን በድንጋጤ ሊታነቅ ነበር።  ሲነጋ ግን ነገሩ ትንሽ ላላ። መጋዘኑ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ ምሳውን እየመጣ ይበላ ጀመር፤ ሚስቱ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና እሳቸው ናቸው። ሰው እያኘከ ዝም ማለት የሚችለው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። አማቱ የገዛ ቀሚሷን ከምትሰፋው ጨርቅ ጋር አብራ ሰፍታ፣ ደወል ሲደወል ከነስፌት መኪናው ልትነሣ ስለሞከረች ተማሪያቸው አወሩለት። እሱ ደግሞ ከክሬኑ ላይ ሲታይ የሰው ጣሪያ ምን ምን እንደሚሸከም ነገራቸው፤ የማን ጣሪያ አልጋ፣ የማን ጣሪያ ፍየል እንዳለበት። አማቱ ስለ ፍየሏ ደጋግመው ጠየቁ። ሁለት ቀርፋፋ በሊታዎች ተገናኝተው ምሳው የሁለቱን የከረመ ወሬ ሁሉ አስወጣ።

አንድ ቀን ዶዘር የቻለውን በልቶ ማንኪያውን ሲያስቀምጥ፣ አማቱ ብድግ ብለው ወጥ ቤት ገቡና ሞቅ ያለ ወተት በብርጭቆ ይዘው መጡ። ማር በደንብ ተበጥብጦበታል። «ልጄ፣ ይችን ጠጣ። በዚህች በምትቀምሳት ሰው አይቆምም። አፈር ስሆን» አሉት።

ዶዘር የባለሙያዋን ማስጠንቀቂያ አልረሳም። ግን «ልጄ» የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ የቀረውን ሁሉ ከለከለችው። ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ ልቡ ትደልቅ ጀመር፣ ጀርባው በላብ ራሰ፣ ወለሉ ከእግሩ ሥር ዞረ። ደህና ሰው መስሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደና በሩን ቆልፎ ወለሉ ላይ ተዘረረ። እዚያ ሆኖ ያስብ የነበረው ስለ ሕመሙ አይደለም። ልጄ አሉኝ፣ እያለ ነበር፤ ፊቱም ሳይታወቀው ፈገግ ብሏል።

በማግስቱም ብርጭቆው መጣ፤ ከዚያም በኋላ አልቀረም። ዶዘር በየቀኑ ይጠጣል፣ በየቀኑ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይንፈራገጣል፣ ወጥቶም «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ይላል። ሚዛኑ ግን ይሉኝታ የለውም፤ መውረዱን አቆመ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ስትጠይቀው ውኃ ጠጥቼ ስለመጣሁ ነው አላት። ሚስቱ ተደብቆ የሚበላ መስሏት የኮቱን ኪስ ፈተሸች። ቸኮሌት ስትጠብቅ ያገኘችው ምስማር ነው። ምስማሩንም ለምን እንደያዘው ለማስረዳት ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ።

ሆስፒታሉ እንደ እሱ ያሉትን በየወሩ የሚሰበስብበት አንድ ክፍል አለ። ወንበሮቹ ወፍራም ሰው የሚያጣብቅ የክንድ መደገፊያ የላቸውም፤ አንድ አሳቢ ሰው አስቦበታል። ውይይቱን የምትመራው ከዓመታት በፊት ራሷ ቀዶ ጥገናውን ያደረገች ፀጉር ሠሪ ናት። በዚያን ዕለት አንድ ታክሲ ነጂ፣ ምግብ ስለቀነስኩ ጓደኞቼ ታሟል ብለው ሊያስታምሙኝ ይመጣሉ እያለ ሲያማርር ቆየ። ተራው ዶዘር ጋ ደረሰና፣ ቤት ውስጥ ማን ይደግፍሃል ተባለ። ሚስቴ ሊል አፉን ከፍቶ «አማቴ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ወተቱን ሳይቀር ዘረገፈው። ፀጉር ሠሪዋ አልሳቀችም። ወይ ለአማትህ ንገራቸው፣ ወይ ክሬንህን እርሳው፤ ሁለቱን አጣምረህ መያዝ አትችልም አለችው።

ዶዘር በማግስቱ ምሳ ላይ የሚያኝከው ነገር ጣዕም አልነበረውም። ብርጭቆው መጣ። አልተቀበለም።

«እማማ፣ ይሄ ወተት ያመኛል» አለ።

«እንዴት ነው የሚያምህ?»

«መታጠቢያ ቤት የምገባው ለዚያ ነው። ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል። ጣፋጭ ተከልክያለሁ። ክብደቴም ቆሟል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ብርጭቆ።»

አማቱ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ፊታቸው እንደ ድሮው ሲጠቁር አየና፣ ይኸው አለቀልኝ፣ ተመልሼ ሰውየው ልባል ነው አለ በልቡ።

«ታዲያ ለምን ጠጣኸው?»

«ልጄ ስላሉኝ።»

 «አንተ ሞኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ ለምን የማመጣልህ ይመስልሃል? ሳህንህን ገፋ ስታደርግ፣ አሁን ሊነሣብኝ ነው እላለሁ። ብርጭቆ የያዘ ሰው ደግሞ አይነሣም። ልጄን ካገባህ ጀምሮ የማውቀው ጀርባህን ነው። እኔ ጥርሴን ሳደላድል አንተ በልተህ ሄደሃል። ይሄ ሰው ፊቴን ማየት ቢጠላ ነው ብዬ እኔም ተውኩህ።»

ዶዘር ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ክራቫት ሲያስብ መኖሩ አሳፈረው። ያለውን እውነት ተናገረ።

«እኔ እኮ ርቦኝ ነበር እማማ» አለ።

አማቱ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደግፈው እስኪይዙ ድረስ ሳቁ። እንባቸውን ጠራርገው፣ ማር አይባክንም ብለው ወተቱን ራሳቸው ጠጡት። ዶዘር ጠጥተው እስኪጨርሱ ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

ከዚያ በኋላ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሥራ ቀለለላት። አማቱ ተማሪ ያገኙ ያህል አስተማሪነታቸው ተነሣባቸው። እንቁላሉን ይቀቅላሉ፣ ስጋውን አድቅቀው ይከትፋሉ፣ ቪታሚኑን መዋጡን አፉን አስከፍተው ያረጋግጣሉ። የማር ዕቃውን ከቁም ሳጥን በላይ ሰቅለው፣ የሚወርደው እኔ ስሞት ነው አሉ። አንድ ጊዜማ ስብሰባው ላይ አብረውት ሄደው ታክሲ ነጂውን ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥና እያኘከ እንዳያወራ ገሠጹት፤ ሰውየውም እሺ አለ። ሚስቱ ደግሞ ማታ ማታ የሁለቱ ወሬ አልገባት እያለ፣ ፍየሏ የማን ናት ብላ መጠየቅ ጀመረች።

ሚዛኑም መውረድ ቀጠለ፤ መስኮቱም ሌሊቱን ጸጥ ብሎ ያድር ጀመር። ሐኪሙ መረመረው፣ ደግሞ መረመረው፣ በመጨረሻም ከፍታ ላይ መሥራት ትችላለህ ብሎ ፈረመለት። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። ልጆቹ ጨፈሩ፣ ሚስቱ አቀፈችው። አማቱም «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ» አሉና ወደ ሳህናቸው አጎነበሱ።

ዶዘር የገባው ያኔ ነው። የታወር ክሬን ሹፌር ለምሳ አይወርድም፤ መሰላሉን ወርዶ እስኪወጣ የምሳ ሰዓቱ ያልቃል። ክሬኑን ሲያገኝ ምሳውን ማጣቱ ነው። በማግስቱ፣ የመጋዘኑ የመጨረሻ ቀን ስለነበር፣ ሁለቱም እንደዚያ ቀን ቀስ ብለው በልተው አያውቁም። ስለ ነገው አንዳቸውም አላነሱም። አማቱ በመጨረሻ ሰዓቱን አይተው በል እንዳይረፍድብህ ብለው ሳህኑን አነሱለት፤ እሱም ወጣ።

ክሬኑ ላይ ሲወጣ እጁ ምንም አልረሳም። ረፋዱን ሙሉ ብረት ሲያስቀምጥ ከታች ያሉት ድምፅ እንኳ አልሰሙም፤ ሪዛሙም ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም አለው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና የምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ ከፈተ። ነፋስ ካቢናዋን ያወዛውዛል። ከተማው በሙሉ ከሥሩ ነው፤ አጠገቡ ግን ሰው የለም። ሳያስበው የድሮው ጥድፊያ መጣበት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳያልም ዋጠው፤ ደረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደረቱን ይዞ እስኪያልፍለት ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

ሰላምታ የለም። የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚያዘዋውር፣ የሚመረምር ማኘክ።

«እማማ?»

«ዝም ብለህ ብላ፤ አፌ ሙሉ ነው» አሉ።

ዶዘር ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ፊቱ አስቀመጠ። የዋጠው ሲያልፍለት ሌላ ቁራጭ አንሥቶ ማኘክ ጀመረ፤ እሳቸው እዚያ፣ እሱ እዚህ። ከዚያ አማቱ ስለ ፍየሏ ጠየቁ። እሱም በመስኮቱ አጮልቆ አይቶ፣ ጣሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ነው አላቸው።  

የምሳ ሰዓት አለቀ። ታች ፎርማኑ ሽቅብ ቢያይ መንጠቆው ተንጠልጥሏል፣ ክሬኑ አይነቃነቅም። ሬዲዮውን አንሥቶ፣ ምን ሆነህ ነው፣ አመመህ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ዶዘር አልተቻኮለም። አፉ ውስጥ ያለውን እስኪልም አኝኮ፣ ውጦ፣ ከዚያ መለሰ።

«ትንሽ ታገሡኝ፤ አማቴ አልጨረሱም።»

ታች ያለው ሠራተኛ ሁሉ ሄልሜቱን በእጁ ይዞ ወደ ካቢናዋ አንጋጠጠ።