ላይኛው መደርደሪያ

እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጠበል ከሰው ራስ በላይ እንጂ ከእግር ሥር አይቀመጥም ትል ነበር። እኔም ሮም ልጄ ሊሊ ዘንድ ልጇን ሔራንን ልጠብቅ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ወዳጃችን አብረኸት ከአዲስ አበባ በተመለሰች ቁጥር የምታመጣልኝን ጠበል ልብስ ማጠቢያዋ ክፍል ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር የማኖረው። ክፍል ማለቴ ለወጉ ነው። ማሽኑ ከገባ በኋላ አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚቆምባት ጓዳ ናት። ግን ቀዝቃዛና ጨለማ ናት፤ ጠበሉም ከሁሉ በላይ ይሆናል።

ሊሊ በጋውን ኦስቲያ፣ ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አንሶላ ስታጥብ ትውላለች። ቅዳሜ ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

«እማዬ፣ በረኪናውንም የማሽኑን ፈሳሽም ወደ ላይ አውጪልኝ። ሔራን እጇ አያርፍም። ደግሞ በረኪና በውሃ ጠርሙስ አትገልብጪ ብዬሽ ነበር።»

«ጀሪካኑ ይከብደኛላ! አንጓዬን ያመኛል።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ለእኔ ተይልኝ።»

ተይልኝ ማለት ቀላል ነው። እሷ ሲጨልም ነው የምትገባው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓዳዋን ገልብጬ አጸዳሁ። ነጩን ልብስ ለብቻ፣ ባለቀለሙን ለብቻ፣ አንድ እግር የቀሩ ካልሲዎችን በከረጢት። በረኪናውን ከነጠርሙሱ ወደ ላይ አወጣሁ። ውሃ መስሎት ማንም እንዳይጠጣው ብዬ ወረቀቱን ልጬዋለሁ። የጠበሉንም ጠርሙስ ስለ ክብሩ ልጬዋለሁ። ጠበልን ደግሞ ከመርዝ ጋር ማን ያስቀምጣል? ወስጄ ራስጌዬ፣ ሥዕሉ ሥር አኖርኩት። ሊሊ አይታ «ቫ ቤኔ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለችኝና ደስ አለኝ።

ሰኞ ሊሊ ገና ሳይነጋ ወጣች። እኔ የግፊቴን ክኒን ውጬ ስለነበር ጠበል አልቀመስኩም። ለሔራን ግን እንደ ወትሮው፣ እህል ሳትቀምስ፣ በስኒ ቀዳሁላት። ጥቂት መዳፌ ላይ አድርጌ በሩን ረጨሁና እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። መዳፌን እንደ ሳሙና አዳለጠኝ። ልብ አላልኩትም።

«እማማ፣ ይሸታል! ፑዛ!»

«አፍሽን ያዢ! ጠበል ይሸታል አይባልም። በስመ አብ በይና ጠጪ።»

እኔ ከኮሮናው ወዲህ ማሽተት ጠፍቶብኛል። ወጥ ሲያርር እንኳ ጭሱን ካላየሁ አላውቅም። ይህን ለሊሊ ነግሬያት አላውቅም።

ጠርሙሱን ቦታው መልሼ ስመጣ ስኒው ባዶ ነበር። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብዬ ግንባሯን ስሜ፣ ልጆች በበጋ ወደሚውሉበት ቼንትሮ ኤስቲቮ አደረስኳት።

ተመልሼ ካልሲዎቹን ላጣምር ጓዳ ገባሁ። ጎንበስ ስል ቀሚሴን አየሁት። ጥቁር ሰማያዊው ቀሚሴ ላይ፣ ልክ እጄን የጠረግኩበት ቦታ፣ አምስት ጣት የመሰለ ብርቱካንማ ቀለም ወጥቷል። በጨርቅ አሸሁት። አልለቀቀም። ቀለም አልነካውም፤ ቀለሙ ተበልቶ ነው።

ቀና ብዬ ላይኛውን መደርደሪያ አየሁ።

እጄ እንደ አሮጌ በቅሎ የለመደውን መንገድ ሄዷል። ጠበሉ ራስጌዬ ነው። እኔ ወደ ላይ ዘርግቼ ያወረድኩት በረኪና ነው። ልጅቷ ይሸታል ብላኛለች። ጠጪ ብያታለሁ።

እንዴት ደረጃውን እንደወረድኩ አላውቅም። ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ስልክ ቤት ለምትሠራው ለአብረኸት ደወልኩ።

«ልጅቷን ገደልኳት! በረኪና አጠጣኋት!»

«እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ቀስ ይበሉ። የት ናት አሁን?»

«ቼንትሮ! ንገሪያቸው፣ እኔ ቋንቋው አይመጣልኝም!»

ትራም ውስጥ ቁጭ ማለት አቃተኝ። አንድ ሽማግሌ ወንበር ለቀቀልኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሳደግናት ልጅ በአንድ ስኒ! አንጀቷ እየነደደ ይሆን? ጉሮሮዋ ተዘግቶ እማማ ማለት አቅቷት ይሆን? ስልኩ ጮኸ።

«አነጋገርኳቸው፣ እትዬ። ሆዴን አመመኝ ብላ ቁጭ ብላለች አሉ።»

«ወይኔ!»

«አምቡላንስ ተጠርቷል። ለሊሊም ደውዬያለሁ። እርስዎ ብቻ እንዳይወድቁብኝ።»

ደርሼ ሳያት ሔራን ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ አስተማሪዋ አለች። አገጯን ይዤ አፏን ከፈትኩ። ምላሷ ቀይ ነው፣ ከንፈሯም ደህና ነው። ፊቴን አየችና ማልቀስ ጀመረች።

«እማማ፣ አትቆጪኝ።»

«ምን አደረግሽ? ንገሪኝ!»

«አልጠጣሁትም። አንቺ ስትሄጂ በረንዳው ላይ ያለው ባዚሊኮ ውስጥ ደፋሁት። ከዚያ ጠበል ስለደፋሁ እግዚአብሔር ሆዴን አሳመመኝ።»

አንገቷ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው አፏንም ጉሮሮዋንም አዩ፣ ሆዷን ዳሰሱ፣ ምንም የለባትም አሉ። አላመንኳቸውም። ልጅ ቁጣ ፈርቶ ይዋሻል። ቤት እንደደረስን ከነጫማዬ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ባዚሊኮ የሚሉት የበሶብላው ቅጠል ጠውልጎ፣ አፈሩ ላይ ያረፈው ጫፉ ነጥቷል። ያኔ ነው ወለሉ ላይ የተቀመጥኩት።

ሊሊ ከኦስቲያ በባቡር ደረሰች። ሔራንን አገላብጣ ካየች በኋላ ጓዳ ገብታ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች። ፊቷን ወዲያው መለሰች።

«ይሄ አይሸትሽም?»

«አይሸተኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኮሮናው።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ልጅ መጠበቅ አትችዪም፣ አገርሽ ግቢ እንዳትዪኝ ነዋ።»

ሊሊ በረኪናውን ወደ ጀሪካኑ መለሰች፣ ጠርሙሱን በእግሯ ጨፈለቀችው።

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። «ጀሪካኑን አትንኪው። የሚሸት የማይሸተውን ደግሞ ሔራንን ጠይቂያት።»

በማግስቱ ጠበሉን ከራስጌዬ አምጥቼ በስኒ ቀዳሁ። ሔራን ስኒውን ተቀበለችኝና ቀና ብላ አየችኝ።

«ላሽተው?»

«አሽቺው፣ የኔ እናት።»

አፍንጫዋን አስጠግታ ቆየች። እኔም በስመ አብ ሳልል፣ አፏን አፏን እያየሁ ጠበቅኩ።