ባንድ ዓይን

ፈሪ ነኝ። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። በሰባ ዓመተ ምሕረቱ ክረምት ደሴ ውስጥ ያልፈራ ሰው አልነበረም፤ የኔ ግን ከሰው ሁሉ የባሰ ነበር።

አዲስ አበባ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለእረፍት መጣሁ። እዚያ ጠዋት ጠዋት የጀሶ ጭንቅላት ፊት ተገትረን በከሰል እንነድፋለን፤ ከሰዓት ጨለማ ክፍል ገብተን ፎቶ እናጥባለን፤ ዓርብ ዓርብ የሥነ ጥበብ ታሪክ እንማራለን። ይሄን ሁሉ ለአባባ ልተርክላቸው አፌን አሰናድቼ ነበር። አባባ፣ አለቃ ወርቅአፈራሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በር ላይ ሲያገኙኝ ግን ስሜን እንኳ ሳይጠሩ "እንየውን ወሰዱት" አሉኝ።

እንየው ታናሽ ወንድሜ ነው። ደብተሩ ውስጥ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ቀበሌ ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ። ምን ወረቀት? ማን ደፍሮ ይጠይቃል! ስንቅ ይዘን እንሄዳለን፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ "በልቷል፣ አለ" ብለን እናመሰግናለን። የጎረቤታችን የየኔነሽ ሳህን ከነምግቡ ተመለሰላት፤ ከዚያ ወዲያ ልጇን አላየችውም።

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ደጉ ይባላል። የኩታበር ሰው ነው፤ ከካድሬነቱ በፊት ዲያቆን ነበር፤ ይሄን ግን ፊቱ የሚያነሳ የለም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አስጠራኝ።

"ሥዕል ትማሪያለሽ አሉ" አለኝ። "ለመስከረም ሁለት ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የሚሰቀል የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ይፈለጋል። አሳምረሽ ሥሪ፤ ወንድምሽ ዓመት በዓልን ቤቱ ይውላል።"

"ካላማረስ?" አልኩት፤ ምላሴን ይቁረጠው።

"ያምራል" አለኝ እየሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሸራ ተወጠረልኝ፤ ቁመቱ ከኔ ቁመት እጥፍ ነው። ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል ሰጡኝ፤ ሦስቱ ሰዎች አንዱ ካንዱ ኋላ ሆነው በጎን ይታያሉ። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ትንሹን ሥዕል በእርሳስ ካሬ ካሬ አሰመርኩት፤ ሸራውንም እንደዚያው አድርጌ ካሬ በካሬ አሳደግሁት። አንድ ጢም በተሳሳትኩ ቁጥር የእንየው አንገት ይታየኛል። ብሩሹን በሁለት እጄ የያዝኩበት ቀን አለ። የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ ሀምዱ "አብሽሪ ልጄ፣ ወላሂ ሕይወት ያላቸው ነው የሚመስሉት" ይለኛል። ምን ያደርግልኛል፣ የኔ ጭንቀት የሌላ ሰው ሕይወት ነው!

ጳጉሜ ሁለት ቀን አባባ ምሳ ይዘውልኝ መጡ። ሸራውን ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ልጄ፣ ምነው ባንድ ዓይን?"

"የጎን ፊት እኮ ነው አባባ። ፕሮፋይል ይሉታል። ሰው በጎን ሲታይ አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው።"

"እሱንማ መች አጣሁት። እኛ ባንድ ዓይን ማንን እንደምንስል ረሳሽው ወይ?"

እንዴት እረሳለሁ! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ባንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው፣ ሰይጣን ነው። ለሥነ ጥበብ ታሪክ መምህሬ ይሄንኑ ጽፌ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ! ወረቀት ላይ የጻፍኩትና ሸራ ላይ የሳልኩት ግን እስከዚያች ደቂቃ ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

አባባ ወደ በሩ ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደጉ ዲያቆን ነበር። መሪዎቻችንን ከሰይጣን ቆጥራ ሳለቻቸው ቢልሽስ? አንቺም እንየውም አለቀላችሁ።"

"በየአገሩ እንዲህ ነው የሚሳሉት አባባ! በእመቤቴ፣ አያስፈራሩኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። የምሳ ዕቃውን ሰብስበው ወጡ።

ጳጉሜ አራት ከቀትር በፊት ጨረስኩ። የአዳራሹ ጣሪያ ስለሚያፈስ ሥዕሉን በላስቲክ ሸፈንኩትና የእንየውን ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ቤት ገብቼ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አባባ የሉም፤ ዘግየት ብለው ገቡ። የት እንደዋሉ አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ደጉ ከአውራጃ የመጡ ሁለት ሰዎችን አስከትሎ መጣ። ጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሥዕሉን ጭኖ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ሊወርድ ነው።

"ግለጪው" አለኝ።

ላስቲኩን ሳብኩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ሦስቱም ሰዎች ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው! ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫቸው ማዶ ቦታ ሲያጣ፣ ጆሯቸው አጠገብ፣ ጉንጫቸው ላይ ገብቷል፤ ትልልቅ፣ ዙሪያው በጥቁር የተኳለ፣ እንደ መላእክት ዓይን የሚያይ ዓይን። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

አንደኛው የአውራጃ ሰው ሊስቅ ጀመረና ደጉን ሲያይ ተወው። ደጉ ሽጉጡን አውጥቶ ጋሽ ሀምዱ ግንባር ላይ ደገነ።

"ትናንት ማን ገባ?"

"አላየሁም ጓድ።"

በጥፊ አጮለው። የሽማግሌው ኩፍታ መሬት ወደቀ። "ማን ገባ?"

"ወላሂ አላየሁም" አለ ጋሽ ሀምዱ። ቁልፉ እሱ ጋ ብቻ ነው፤ አባባን ራሱ ከፍቶ እንዳስገባቸው እኔም እሱም እናውቃለን። ወደኔ አንዴ እንኳ ሳያይ ነው የካደው።

ደጉ ወደኔ ዞረ። ሽጉጡን ገና አላነሳብኝም። አየኝ ብቻ።

"አባባ ናቸው" አልኩ።

ወንድሜን ላድን ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። እንየው ትዝም አላለኝ። ለራሴ ፈርቼ ነው።

አባባን ከቤት አመጧቸው። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ በሕይወት መቆሜ ነው መሰለኝ ደስ ያላቸው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ምን ብለህ ነው የነካኸው?" አላቸው የአውራጃው ሰው።

አሁን ባንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ይናገራሉ፣ እኔም አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"የጎደለ መስሎኝ ሞላሁት ጌታዬ" አሉ አባባ። "እርጅና ነው። ልጂቱ ምንም አታውቅም፤ እሷስ አሳምራው ነበር።"

ዓይኔን ስገልጥ ደጉ ሥዕሉን እያየ ነበር። አንዱን ዓይን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ አባባን። ገባው። ዲያቆን የነበረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? አንድ ቃል ቢተነፍስ እኔንም ይወስዱኝ ነበር። እሱም ግን አለቆቹ ፊት የድሮ ዲቁናውን ማንሳት አልፈለገም መሰለኝ።

"ሽማግሌውን ውሰዱት" አለ፤ ወደኔም ዞሮ "የጨመረውን ዓይን እስከ ስምንት ሰዓት አጥፊው።"

ቀለሙ አልደረቀም። በጨርቅና በነጭ ጋዝ የአባቴን ዓይኖች አንድ በአንድ ጠረግኋቸው። ሁለተኛ ዓመት የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፤ ከዚያ ሸራ ላይ የሚያምሩት እነሱ ብቻ እንደነበሩ አውቅ ነበር። እያለቀስኩ ጉንጫቸውን መልሼ ቀባሁ። መኪናው በሰዓቱ ወረደ።

ደጉ ቃሉን ጠበቀ። እንየው የዚያኑ ዕለት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከስቶ፣ ጢም አብቅሎ መጣ። ቤቱን ሁሉ በዓይኑ ፈልጎ "አባባስ?" አለኝ። ነገርኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ አለቀሰ።

"ማን ነው የጠቆመባቸው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ማንም። ራሳቸው ተናገሩ" አልኩት።

አባባ አልተመለሱም። እንየው እስከ ዛሬ የሚያውቀው ያንን ያልኩትን ነው። ያን ዕለት ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ "አንቺ ባትስዪ ኖሮ እኔም አልወጣም ነበር" እያለ፣ ነጭ ጋዝ የሚሸተውን እጄን ደጋግሞ ሳመው። እኔም እንዲስም ተውኩት።