ብሬከሩን የሚያወርደው በር

አዲስ አበባ፣ ከሩዋንዳ ሰፈር ገባ ብሎ ባለው አሮጌ ቪላ፣ ብሬከሩ በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ወረደ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አዝመራ ግራ ቢገባቸው ከየካ አባዶ ሂካን አስጠሩት። ሂካ ሃያ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ የኖረ፣ ከአፉ ይልቅ እጁ የሚቀድም ሰው ነው።

እሳቸው እንደነገሩት፣ የጋራዡን የብረት በር እጀታ በያዙ ቁጥር ክንዳቸውን ይነዝራቸውና ወዲያው መብራት ይጠፋል። የሟች ባላቸው ወንድም ስብሓት አብሯቸው ይኖራል፤ ጥፋቱ የብሬከሩ ነው፣ ነቅለህ ጣለውና መስመሩን በቀጥታ አገናኘው እያለ ሂካን ወተወተው። ሂካ ግን ብሬከሩን አልነካውም። ያ ብሬከር ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ወይም ወደ ሰው ሲፈስ እንዲቆርጥ የተሠራ ነው፤ በከንቱ አይወርድም።

የቤቱን ዋና መስመር አጥፍቶ ጋራዡ ገባ። የጥንቱ ሽቦ ላስቲኩ ደርቆ ሲነካ ይረግፋል። ምክንያቱን አገኘሁ ሊል ሲል ግን ከሶኬቱ ኋላ ሌላ ሽቦ አየ። ይሄኛው አዲስ ነው። በካርቶኖቹ ጀርባ ተደብቆ በሩ ድረስ ሄዷል፤ ጫፉ ተልጦ የእጀታው ብሎን ላይ ተጠምዝዟል።

ሂካ ሴትየዋን ጠራቸው፤ ስብሓትም ተከትሏቸው ገባ። በዚያ በር ከእሳቸው በቀር የሚገባ እንደሌለ ቀድመው ነግረውታል።

«እትዬ አዝመራ፣» አለ፣ «ይሄ ብልሽት አይደለም። ሰው ነው ያሰረው። ብሬከሩ ባይኖር እርስዎ ዛሬ በሕይወት የሉም።»

ሴትየዋ ገና ወደ ስብሓት ሲዞሩ፣ እሱ ከጥግ ፌሮ ብረት አንሥቶ ነበር። የመጀመሪያው ምት የሂካን ቀኝ ክንድ ሰበረው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ራሱ ሰማው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አርፎ ከመሬት ጣለው። ስብሓት ትቶት ወደ ሴትየዋ ሄደ። አንገታቸውን አንቆ ጭንቅላታቸውን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ጀመር።

«የወንድሜ ቤት ነው፣» ይላል በየመሀሉ፣ «የወንድሜ ቤት።»

ሂካ በግራ እጁ መዶሻውን ከሣጥኑ አወጣ። እየተሳበ ደርሶ የስብሓትን ጉልበት ከጎኑ መታው። ሰውዬው ጮኾ ተዘረረ። ሂካ አላቆመም፤ ስብሓት መሬት የተደገፈበትን እጅ መታው፣ ደገመው፣ ጣቶቹ ተጨፈለቁ። ከዚያ መዶሻውን በስብሓት ራስ ቅል ላይ አነሣ።

«ይበቃዋል፣ ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ አዝመራ። ከአፋቸው ደም ይወርድ ነበር።

እጁን አወረደ፤ ጎረቤት ደርሶ ፖሊስ እስኪመጣ ግን መዶሻውን አልለቀቀም።

ሂካ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ክንዱ ውስጥ ብረት ገብቶለት ነበር። የስብሓት ጠበቃ፣ ሰውዬው ከወደቀ በኋላ መትተኸዋል ወይ ብሎ ጠየቀው። የሂካ ሚስት ከኋላ ሆና እንዲክድ በዓይኗ ለመነችው።

«መትቼዋለሁ፣» አለ ሂካ። «እትዬ አዝመራ ባያስቆሙኝ እገድለው ነበር።»