የዱአው ሃያ ደቂቃ

አብዶን ያናደደው ነፋሱ አልነበረም። ነፋስንማ ያውቀዋል፤ ጅቡቲ፣ ታጁራ ላይ አራት ዓመት በሸራ ጀልባ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ነው ወደ ከሚሴ የተመለሰው። ያናደደው ሰው ነው።

ነሐሴ ነበር። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ውጦታል። ከሸለቆው የቀሩት ጉብታዎቹ ብቻ ናቸው፤ በየጉብታው ከብቱንና ልጁን ይዞ የወጣ ሰው አለ። የአብዶ እህት ሰልሳቢል ሦስተኛው ጉብታ ላይ ናት። የሞተር ጀልባ ይመጣል ከተባለ ሳምንት አለፈ። አብዶ ወሬ መጠበቅ ሰልችቶት ባዶ ጀሪካኖች ከሳንቃ ሥር አሰረ፣ ቀርከሃ አቆመ፣ ሰማያዊ ሸራ ሰቀለ፤ ጀልባ ሆነለት።

ጠዋት የእህቱ ባል አንዋር ደወለ። ሰልሳቢልን ምጥ ይዟታል፣ ልጁ አልወርድ ብሏል። እሷ ራሷ ስልኩን ተቀበለች።

"ወንድምዓለም፣ ሸህ ጀሚል ጋ ዱአ ሳታስደርግልኝ እንዳትመጣ።"

"እሺ" ብሎ ዘጋው። አዋላጇን ሲስተር ኡምኩልሱምን አሳፍሮ ተነሳ።

በቀጥታ አይኬድም፤ መሃሉ ጀልባ የማያሳልፍ ደንገል ነው። ከጉብታ ወደ ጉብታ እየተዞረ ነው የሚደረሰው። ጠዋት ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ዞሮ ፊት ይመታል። ስለዚህ ከዙህር በፊት መድረስ አለበት፤ ዕቅዱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሸህ ጀሚልና ቤተሰባቸው ገመዱን ተቀብለው ጀልባዋን ጎተቷት። "በጋ ነጋን ዱፍተኒ!" አሉ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ ሲሉ። ወተት ቀረበ። ወተቱ ሳይቀመስ ዱአ አይጀመርም፤ ዱአ ሳይደረግ ደግሞ ምጥ ወደያዛት ሴት አይታለፍም። አገሩ እንዲህ ነው። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። ለሰልሳቢል ለመኑ፣ ለፅንሱ ለመኑ፣ ለአዋላጇ እጅ ለመኑ። ከዚያ ለከብቱ፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ጀሪካኖቹ ሳይቀሩ ተመረቁ። ሰዉ ሁሉ "አሚን!" ይላል። አብዶ ግን እጁን አልዘረጋም። ዓይኑ ሸራው ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሆነ። ሸራው ላላ ሲል ቆሽቱ አረረ።

"ያ ሸህ፣ ይበቃል!" ብሎ ጮኸ። "የአንቱ ዱአ ሸራ አይነፋም! እህቴ ብትሞት በአንቱ አንገት ነው!"

ዱአ መሃል ላይ ሲቋረጥ ያየ ሰው እዚያ አልነበረም። ሸሁ የዘረጉትን እጅ፣ ዱአ ሲያልቅ እንደሚደረገው ፊታቸውን ሳያብሱበት፣ አወረዱት።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ባቲ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ነፋሱ ዛሬ ዙህርን አይጠብቅም። ሸራህን ተወውና አዋላጇን በበሬ መንገድ እናድርሳት። እኛ እናውቀዋለን፣ ውሃው ከወገብ አያልፍም።"

'ሌላ ሃያ ደቂቃ ሊበሉብኝ ነው' አለ አብዶ በሆዱ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጀልባዋን ገፋ። አዋላጇ እያፈረች ተከተለችው።

ሁለተኛው ጉብታ በዓይን ሲታይ ነፋሱ ዞረ። ዝናቡን ይዞ መጣ። ሸራው ከላይ እስከ ታች ተቀደደ፤ ጀልባዋ ወደ ጎን ተገፍታ ደንገሉ ውስጥ ተሰነቀረች። አብዶ የሸራውን ቀርከሃ ነቅሎ ቢገፋ ጭቃው ቀርከሃውን ያዘበት። ወርዶ ቢጎትት እስከ ደረቱ ሰመጠ። ኡምኩልሱም የመድኃኒት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች።

"ሸሁ ነግረውህ ነበር" አለች።

"ዝም በይ! እሳቸው ባያቆዩኝ ይኼኔ ደርሰን ነበር!"

ሸሁን ሰደበ፣ ወተቱን ሰደበ፣ ያልመጣውን የሞተር ጀልባ ሰደበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚሰድበው አላጣም።

የመጡለት እነዚያው የሰደባቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት በሬ ይዘው በወገብ ውሃ ውስጥ ደረሱ፤ ሸህ ጀሚል ራሳቸው የአንዱን ቀንድ ይዘው ነበር፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሸራው ተቀዶ ሲወድቅ ከጉብታቸው ላይ አይተውታል። ማንም አልወቀሰውም። አዋላጇን በሬ ላይ አወጧት። አብዶ የሌላውን በሬ ጭራ ይዞ ከኋላ ተከተለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ሦስተኛው ጉብታ ደርሰው ኡምኩልሱም ከሰልሳቢል ጎጆ የወጣችው ቆይታ ነው። "እናትየዋ ተርፋለች" አለች። ልጁ እንዳልተረፈ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ነገረችው። "ሁለት ሰዓት ቀደም ብንል ኖሮ..." ብላ ተወችው።

አብዶ ውስጡ ነደደ። የሚጮኽበት ሰው ፈለገ። በሐሳቡ የሸሁን ሃያ ደቂቃ አነሳ፤ ደንገሉ ውስጥ ያለፈው ሁለት ሰዓት መጣበት። ያ የማንም አይደለም፣ የራሱ ነው።

ሲገባ ሰልሳቢል ፊቷ ነጥቶ ተጋድማ ነበር። ልጇን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ አስተኝተውታል። ዓይኗን ወደ ወንድሟ አዞረች።

"ዱአውን አስደረግክልኝ?"

ከበሩ በኩል፣ ልብሳቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሸህ ጀሚል መለሱላት።

"አድርገናል ልጄ። አብዶም አሚን ብሏል።"

እሷ ዓይኗን ጨፈነች። ሸሁ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፣ ካቋረጡበትም ቀጠሉ። አብዶ በጭቃ የተለወሰ እጁን ዘረጋና እስኪጨርሱ ድረስ "አሚን" አለ።